ሰባት ቀን የጫማ ጠባቂ

ለምወድሽ እናቴ፣ ለቢጂ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የጣሊያን ብርድ አጥንትሽ ውስጥ ገብቶ እንዳያስቸግርሽ በየማለዳው አስባለሁ። እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግቡስ ተስማማሽ ወይስ አሁንም «እነዚህ ሰዎች ከአይብ ሌላ አያውቁም» እያልሽ ነው? እህቴ ፓራምጂት ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? ትንሹ ልጅ ጡት በደንብ ይጠባል? አማቻችን ሱክዴቭስ ከላሞቹ ጋር እንዴት ነው? ሌሊት እየተነሳ ማለቡን ከለመደው እኔንም ሊያስተምረኝ ይገባል፤ ለማለዳ መነሳት መቼም እንደማልሆን ታውቂያለሽ።

እኛ ደህና ነን። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፤ ልጄ ቢላ ብቻ ቀን ቀን ይተኛበታል፤ ሲቆጡት «የቢጂን ቦታ እየጠበቅኩላት ነው» ይላል። በስልክ ስንገናኝ መስመሩ እየተቆረጠ፣ ልጆቹም እየተሻሙ ከ«ደህና ናችሁ?» አላልፍ አልን። ይሄን ግን ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ይገባል። በስምሽ ጥፋት አጥፍቼ ነበርና፤ ከዚያም ክሼበታለሁ። ፓራምጂት እያነበበችልሽ መሃል ላይ ሳቅ ካፈናት ታገሻት፤ እኔም አሁን ስጽፈው እየሳቅኩ ነው።

ሰርዳር ኒራንጃን ሲንግ የሹራብ ፋብሪካቸውን ሥራ እንድመራ ከሾሙኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዘንድሮ ከሞስኮ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ዕቃው ኖቬምበር አሥር ተጭኖ መውጣት አለበት፤ የሩሲያ ብርድ የኛን ሹራብ ቆሞ አይጠብቅም። ሰርዳርጂ ጠርተውኝ «የጭነት መኪናው አሥር ላይ ካልወጣ አንተ ትወጣለህ» አሉኝ። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ሻይ እንኳ አላዘዙልኝም።

ጭንቁ ያለው አንገት ገጣሚዎቹ ጋ ነው። የሹራቡን ገላ መኪና ይሠራዋል፤ አንገቱን ከገላው ጋር የሚያያይዘው ግን ሰው ነው። እያንዳንዷን የክር ቀለበት በዓይኑ እየለቀመ በእግር የምትረገጥ የመግጠሚያ መኪና መርፌ ላይ ይሰካል፤ አንዷ ካመለጠችው አንገቱ ይተረተራል። እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ሃያ ሦስት አሉን። አውራቸው ደግሞ የኛው ሰፈር ናዛር ሲንግ ናቸው፤ በጸሎት ቤታችን በጉሩድዋራው የጫማ መስኮት አጠገብሽ የሚቆሙት፣ ሁላችንም ቻቻ፣ አጎት፣ የምንላቸው። በሴፕቴምበር እነዚህ ሰዎች ቀዘቀዙብኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲደወል መርፌው ላይ ያለውን ቀለበት እንኳ ሳይጨርሱ ይነሳሉ።

በዚያው ሰሞን ሰርዳርጂ አንድ ሆቴል ውስጥ ለሁለት ቀን ሥልጠና ላኩኝ። ከዴልሂ የመጣ፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም ሰውዬ ማይክሮፎን ይዞ የአባቶቻችንን ጥበብ አስተማረን። ሠራተኛን በቁጣም በገንዘብም አታተጉትም፤ ሥራውን እንደ አምልኮ እንዲያየው አድርጉት፣ ያኔ ሰዓት ማየቱን ይተዋል አለን። ሁላችንም አጨበጨብን። ምሳውም ጥሩ ነበር።

እኔም ጋል ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ቀለም ቀቢ አስጠርቼ ከአንገት ገጣሚዎቹ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም «ሥራ አምልኮ ነው» ብዬ አጻፍኩ። እሱ ቢበቃኝ መልካም ነበር። ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ እዚያ መስኮት ላይ ቆመሽ የመጣውን ሁሉ ጫማ ስትቀበዪ፣ ትቢያውን በግንባርሽ ስትነኪ፣ ጠርገሽ ስትመልሺ ማንም ከፍሎሽ አያውቅም፤ ደከመኝ ስትዪም ሰምቼሽ አላውቅም። ሴቫ ማለት ይሄው አይደል? ስለ ፈጣሪ ብሎ ማገልገል። ታዲያ ፋብሪካ ውስጥ ሴቫ ቢኖርስ አልኩ። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ያለውን ጊዜ «የሴቫ ሰዓት» ብዬ ሰየምኩት፤ ክፍያ የሌለው፣ በፈቃድ የሚሠራ አንድ ሰዓት። «በፈቃድ» እያልኩ በሩን ግን ዘበኛ እንዲዘጋው አዝዤ ነበር። ስምሽንም ጠርቼ «እናቴን የማያውቅ አለ?» ብዬ ሰበክኳቸው። ባለቤቴ ራጅዊንደር በቅቤና በስኳር የሠራችውን ሃልዋ በየእጃቸው አደልኩ። ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ተደወለ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አዎ ቢጂ፣ ሄድኩ። አጠገባቸው አንድ ቀን እንኳ አልቆየሁም። ልነግርሽ ያፈርኩት እሱን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ጸጥታ ነበር፤ እኔም ተሳካልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሰዎቹ ግን ከአንገት በላይ ነበር የሚሠሩት። ቅዳሜ ተቆጣጣሪዋ አንገታቸው የተተረተረ ሁለት ጆንያ ሹራብ መለሰችብን። ሰኞ ስገባ ከ«ሥራ አምልኮ ነው» በታች አንድ ሰው በነጭ ጠመኔ «ማኔጀሩ ግን ቅዳሜ አያመልክም» ብሎ ጽፏል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንደማልገባ ማን ያጣዋል! አጥፉት ብዬ አዘዝኩ፤ በማግስቱ ተመልሶ ተጻፈ፤ ያውም አጻጻፉ አምሮ።

ከቢሃር የመጣች ፉልማቲ የምትባል አንገት ገጣሚ አለች፤ ምላሷ ከመርፌዋ የፈጠነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተደውሎ ወደ ቤቴ ልወጣ ስል ዕቃዋን ስትሰበስብ ደርሼ ለምን ብላት «ሳሂብ፣ የኔ አምላክ ቤት ነው ያለው። ሦስት ዓመቱ ነው። እራቱን ካላገኘ ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። እርስዎ የእኔን ሹራብ ይግጠሙልኝ፣ እኔ ሄጄ ላምልክ» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

ከዚያ ናዛር ቻቻ ተነሱ። ዳሌያቸውን እንደሚያማቸው ታውቂያለሽ፤ ወንበራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነስተው ጫማቸውን ፈለጉ። «ቻቻ፣ እርስዎም? ሴቫ እኮ ነው» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ሴቫን ሴቫ የሚለው ሰጪው ነው። የሚወሰድብኝን ነገር አንተ ሴቫ ብትለው ስሙ አይለወጥም፤ እሱ ሌላ ስም አለው። እናትህን ስለማከብር ስሙን አልጠራውም» አሉኝና ወጡ። ዘበኛውም በሩን ከፈተላቸው። ሌሎቹም ተከተሉ።

በጣም ተናደድኩ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር አልኩ፤ ሃልዋ አብልቼ ይሄ ሆነ ዋጋዬ ብዬ ለራጅዊንደር አማረርኩ። እሷም «ሃልዋውን የሠራሁት እኔ፣ ሰዓቱን የሠሩት እነሱ፤ አንተ ምን አድርገህ ነው ዋጋ የምትጠብቀው?» አለችኝ። ምን ዓይነት ምራት እንደመረጥሽልኝ አየሽ? በዚያ ላይ አምስት አንገት ገጣሚዎች ከዲዋሊ በዓል በኋላ ጎረቤት ፋብሪካ ሊገቡ እንደተነጋገሩ ሰማሁ። አምስቱ ከሄዱ መኪናው አይወጣም፤ መኪናው ካልወጣ ደግሞ እኔ ነኝ የምወጣው። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ይሄ የኪራይ ቤት፣ አንቺ ስትመለሺ የምትገቢበት ክፍል፣ ሁሉም በእነዚያ መርፌዎች ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ።

በዚያው እሁድ ልጆቹን ይዤ ጉሩድዋራ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ በመስኮቱ አሳለፍኩ። የተቀበለኝን እጅ አወቅሁት፤ በመርፌ ብዛት አውራ ጣቱ የደነደነ የናዛር ቻቻ እጅ ነበር። ቀና ብለው ፊቴን አላዩም። እዚያ መስኮት ላይ የማንም ፊት እንደማይታይ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ጫማዬን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ በግንባራቸው ነኩት፣ ቁጥር የተቀረጸባትን የነሐስ ምልክት ሰጥተውኝ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

ከጸሎትና ከማዕዱ በኋላ ስወጣ ቻቻ አሁንም እዚያው ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ከወንበር ለመነሳት ፈጣሪን ሦስት ጊዜ የሚጠሩት ሰው እዚህ መሰላል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከልጆች ጋር ይቀልዳሉ፣ ያቺን ዳሌ የት እንደጣሏት እንጃ! ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ተጠጋሁና «ቻቻ፣ እዚህ ይሮጣሉ፣ እኔ ጋ ይጎተታሉ፤ ምን በድዬዎት ነው?» አልኳቸው። ጫማ እየጠረጉ መለሱልኝ። «እዚህ ማንም አይጠራኝም፤ ራሴ ነኝ የምመጣው። በሩንም ማንም አይዘጋብኝም። ደግሞ እዚህ ጫማውን የሚያወልቀው ሁሉም ነው፤ ባለፋብሪካውም ጠራጊውም። አንተ ጋ የምናወልቀው እኛ ብቻ ነን» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሥራው ወለል ላይ አቧራ ክሩን እንዳያበላሽ ሠራተኛው በባዶ እግሩ ይገባል፣ እኛ አለቆቹ ግን እስከነጫማችን ነው የምንንጎራደደው። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናትህ አጠገቤ አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። አንድ ቀን ለአንድ ሰው ‹ና አገልግል› ስትል አልሰማኋትም» አሉኝ።

ቢጂ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቃልሽን ሰርቄ በር ዘግቼበት ነበር።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰብኩ። የሴቫው ሰዓት ቀርቷል አልኩ፤ ከአሥራ ሁለት በኋላ የሚቆይ ቢኖር ሰዓቱ በሙሉ ይከፈለዋል፤ ይሄንንም ጠዋት ሰርዳርጂን ለምኜ አስፈቅጄ ነበር። ከዚያ እንደ ሲክ ወጋችን መዳፎቼን አጋጥሜ «አጥፍቻለሁ፤ ቅጣቴን ስጡኝ» አልኳቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ያልኩት ግማሹን ለይምሰል ነበር። «ኧረ ተወው ሳሂብ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ናዛር ቻቻ ግን ሳቅ የለ ምን የለ፣ «መልካም» ብለው አራት ሰው መረጡ። ጥፋተኛ ላይ አምስት ሰው ይፈርዳል እንደሚለው ወጋችን፣ አምስት ሆነው ከክር ጆንያዎቹ ኋላ ተቀመጡ። ፉልማቲም አንዷ ነበረች፤ «እኔ ሲክ አይደለሁም» ብትል «መፍረድ ትችያለሽ፤ እሱን ደግሞ ማንም አይቀድምሽም» አሏት። ሻይ እስኪፈላ ተማክረው ተመለሱ። ቅጣቱ፦ ሰባት የሥራ ቀን በሥራው አዳራሽ በር ላይ ተቀምጬ የሠራተኛውን ጫማ ልቀበል፣ ልጠርግ፣ ልመልስ፤ የመጨረሻው ሰው ጫማውን ሳይቀበል ወደ ቤቴ አልሄድም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ወጣቶቹ ጫማቸውን ሲሰጡኝ «ሳሂብ፣ ጭቃው ከትናንት የተረፈ ነው፣ በደንብ ይፍተጉት» እያሉ ያሾፉብኛል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ አፍረው ጫማቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። ጀርባዬ ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን ግን ማየት ጀመርኩ። አንቺ ከመስኮቱ ተመልሰሽ «የእንትና ልጅ ጫማ ጠቦታል»፣ «እንትና ሰሞኑን በእግሩ ነው የሚመጣው» ስትዪ ከየት እንደምታመጪው ይገርመኝ ነበር፤ ለካ ጫማው ላይ ተጽፏል!

አንድ ነገር በተለይ አስተዋልኩ። የሦስተኛው ረድፍ አንገት ገጣሚዎች ዘጠኝ ናቸው፤ የዘጠኙም የቀኝ ጫማ በውጭ በኩል ጠርዙ አልቋል። የፉልማቲ ነጠላ ጫማ እንዲያውም በሽቦ ታስሯል። የናዛር ቻቻም እንዲሁ። ፉልማቲን ጠርቼ ብጠይቃት «ሳሂብ፣ የመግጠሚያ መኪናው መርገጫ እኮ ርቆ ነው የታሰረው። እሱን ለመድረስ በአንድ ጎናችን ነው የምንቀመጠው። ከሦስት ዓመት በፊት ተናግረን ነበር፤ ‹ተለማመዱት› ተባልን፣ ይኸው ተለማመድነው» አለችኝ። በዚያው ቀን ከመካኒኩ ጋር ወለሉ ላይ ተንበርክከን ዘጠኙንም መርገጫ ፈትተን በአራት ጣት አቀረብናቸው። ቻቻ ተቀምጠው አንዴ ረገጡት፣ ሁለቴ ረገጡት፣ ወደ ቀለበታቸው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ግን ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው። በሁለት ዓመት አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሰርዳርጂ ሳይታሰብ መጡ። የፋብሪካቸው ሥራ መሪ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ የጠራጊውን ጫማ ሲጠርግ አገኙት። ፊታቸው ጠቆረ። «ታርሎቻን፣ ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» አሉ። ጫማውን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። የሹራብ መኪኖቹ ሁሉ አንድ በአንድ ቆሙ። ያኔ ከውስጥ የናዛር ቻቻ ድምፅ «ሰርዳርጂ፣ ጫማ!» አለ። ለማንም እንደሚሉት፣ በዚያው ድምፅ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ሰርዳርጂ ወደ ውስጥ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በሩን ተደግፈው ጫማቸውን አወለቁና ሰጡኝ። የቀኝ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል! ሁሉም አንገቱን መርፌው ላይ ደፋ። ፉልማቲ ግን አልቻለችም፤ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ «ሞስኮን ስናሞቅ የሰርዳርጂን ጣት ረሳናት» አለች። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ሰርዳርጂ ናቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በካልሲያቸው ረድፉን በሙሉ ዞሩ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲወጡ ጫማቸውን ስሰጣቸው «ቅጣትህ ስንት ቀን ነው?» አሉኝ። «ሁለት ቀን ይቀረኛል» ብላቸው «ጨርስ» ብለው ሄዱ።

የጭነት መኪናው ኖቬምበር አሥር ማለዳ ወጣ ቢጂ። ከአሥራ ሁለት በኋላ የሚቆየው ይቆያል፣ የማይቆየው ይሄዳል፤ ፉልማቲ አንድ ቀን አልቆየችም፣ ግን ከሁሉ የበለጠ የገጠመችው እሷ ናት። የተመለሰብን ሹራብ አንድ ጆንያ አልሞላም። ሊሄዱ ከነበሩት አምስቱ አንዱ ሄዷል፤ እዚያ ለቤቱ ይቀርበዋል፣ ይቅናው። ግድግዳው ላይ የተጻፈውንም አላጠፋሁትም፤ የኔንም የእነሱንም። ቀለም ቀቢው ሊያድሰው ሲመጣ የጠመኔውን ጽሑፍ እንዳይነካ ነገርኩት። ቅዳሜ አሁን እስከ ማታ እዚያው ነኝ።

አንድ ነገር ግን አስቀርቼብሻለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለራጅዊንደርም ጭምር። ለአንቺ የምጽፈው ሩቅ ስለሆንሽና ምስጢር ስለምትይዢ ነው፤ የምታነብልሽ ፓራምጂትም ለራሷ ታስቀረው። በሰባተኛው ቀን ማታ የመጨረሻውን ሰው ጫማ መልሼ ወገቤን ይዤ ተነሳሁ። የራሴን ጫማ ጠዋት ከበሩ ኋላ ጥዬው ነበር፤ በዝናብ የበሰበሰ፣ ጭቃ የጠጣ። ሳነሳው ተወልውሏል። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ የተበጠሰው ማሰሪያ በአዲስ ሹራብ ክር ተተክቷል። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ማንም ወደ እኔ አላየም። በማግስቱ ጠዋት በሦስተኛው ረድፍ ሳልፍ ናዛር ቻቻ ቀለበት እየለቀሙ ነበር፤ የደነደነው አውራ ጣታቸው ጥፍሩ ሥር ጥቁር ቀለም አለ። ማየቴን አዩ። ጣታቸውን በቀስታ ወደ መዳፋቸው አጠፉት። እኔም ስለ ክሩ ጠየቅኋቸው፣ ጥሩ ነው አሉኝ፣ አለፍኩ። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ ቢጂ። በደስታ ነው፤ አትደንግጪ።

ዓርብ ዕለት የጉሩአችን የልደት በዓል ነበር። ሰው እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። በመስኮቱ ላይ ያንቺ ቦታ ባዶ ነበር፤ ማንም አልጠራኝም፤ ገብቼ ቆምኩበት። ናዛር ቻቻ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

እንግዲህ ሰላምታዬን በየተራ አድርሺልኝ። ለፓራምጂት፣ አራስነቷን ጨርሳ በጉልበቷ እንድትቆም ወንድሟም የወንድሟ ሚስትም እንደሚመኙላት ንገሪያት። ለሱክዴቭ፣ ላሞቹ በደግ እጅ ላይ ናቸው በዪልኝ። ትንሹን ልጅ ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ በሞስኮ ሹራብ ክር ትርፍራፊ ፉልማቲ ኮፍያ ሠርታለታለች፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ራጅዊንደር እግርሽን ነክታ ሰላም ትላለች። ልጃችን ጃሲ በሂሳብ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች፤ ራሷ ልትነግርሽ ስለምትፈልግ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ። ቢላ አልጋሽን እየጠበቀ ነው። ሰርዳርጂም ስምሽን ጠርተው ጤናሽን ጠይቀዋል።

ስትመለሺ ደግሞ የመጀመሪያው እሁድ ጉሩድዋራ እንሄዳለን። ጫማሽን አውልቀሽ በመስኮቱ ስታሳልፊ አንድ እጅ ይቀበልሻል። የማን እንደሆነ ለማየት ቀና እንዳትዪ።

ልጅሽ ታርሎቻን

ሉዲያና፣ እሁድ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1997